አሮጌውን ኦል ኢን ዋን ለሥራም ለጨዋታም

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በአርጆ፣ በኑኑ ቁምባና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የምታዳምጡን ሁሉ፣ የቴክኖሎጂ ትምህርት ዝግጅታችን ጀምሯል። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ብታስቀምጡ ይጠቅማችኋል።

ዛሬ የማወራችሁ በብዙ መሥሪያ ቤት፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በአንዳንድ ሳሎን ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ስለተቀመጠ ዕቃ ነው። ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የተሠራ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ሳጥን የሌለው፣ ነጋዴዎች ኦል ኢን ዋን የሚሉት ኮምፒውተር። ኤችፒ ሊሆን ይችላል፤ ዴል፣ ሌኖቮ ወይም የአፕል አይማክ ሊሆን ይችላል። ከ10 ዓመት በላይ አገልግሏል። ሲከፈት ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፣ ሲሠሩበት ስታክ ያደርጋል፤ ባለቤቱም «ይሄ አልቆለታል» ብሎ ትቶታል።

መልእክቴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር በዕድሜው ብቻ አይጣልም። ከመጣላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ከውስጡ ምን ይለወጣል? ምንስ አይለወጥም? ይህን የለየ ሰው ብሩን የት እንደሚያወጣ ያውቃል፤ ከማሽኑም አቅሙ የማይፈቅደውን አይጠብቅም።

ጉዳዩን ያነሣሁት ለቁጠባ ብቻ ብዬ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ይሰጣል። ትምህርቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ማውስ መያዝ ስላልለመደ ብቻ በፈተናው ቀን ከተደናገጠ፣ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን ዕቃውን ቀድመን ያላቀረብንለት የእኛ የትልልቆቹ ነው። በወረዳ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ከባድ ወጪ ነው። እቤት ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ የተኛ አሮጌ ማሽን ካለ ግን መነሻው በእጃችን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ ማሽኑ ውስጥ እንግባ። ስክሪንና ኮምፒውተርን በአንድ አካል መሥራት የቆየ ሐሳብ ነው። አፕል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ያወጣው ማኪንቶሽ እንዲህ ነበር፤ በ1998 የወጣው የመጀመሪያው አይማክም እንዲሁ። ኋላ ስክሪን ሲሳሳ ሌሎቹ አምራቾችም ተከተሉ። ዕቃውን ቀጭን ለማድረግ ሲሉ ብዙዎቹ የላፕቶፕ ዕቃ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ኦል ኢን ዋን ሲያዩት ዴስክቶፕ ቢመስልም በጠባዩ ለላፕቶፕ ይቀርባል።

በአብዛኛው የማይለወጡት ሦስት ናቸው፤ ዋናው ቦርድ፣ ግራፊክሱና ስክሪኑ። በትልቁ ዴስክቶፕ ላይ እንደሚደረገው አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ መሰካት እዚህ አይቻልም፤ ቦታም የለውም። ፕሮሰሰሩ በአንዳንዱ ሞዴል ይለወጣል፤ በብዙው ግን ልፋቱና ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል።

የሚለወጡት ደግሞ ሃርድ ዲስኩ፣ ራሙ፣ በቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ክብ ባትሪ፣ እንዲሁም ኪቦርዱና ማውሱ ናቸው። ሁሉንም በአንዴ ማድረግ ካልቻላችሁ ከዲስኩ ጀምሩ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአሮጌ ማሽን ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው። መረጃ በተጠየቀ ቁጥር አንድ ትንሽ ክንድ ሰሌዳው ላይ እየተንቀሳቀሰ ቦታውን ይፈልጋል። ይህ ፍለጋ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ያህል ፍለጋ ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠራል። ማሽኑ የተኛ የሚመስለው ያኔ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን ይጠብቃል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፍለጋው ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ያልቃል። ስለዚህ ያው አሮጌ ፕሮሰሰር፣ ያው አሮጌ ቦርድ፣ በአዲስ ኤስኤስዲ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ለቤትና ለቢሮ ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋ ባይት ይበቃል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ በውጭ ማቀፊያ ተደርጎ ለፊልምና ለፎቶ ማስቀመጫ ይውላል።

ሁለተኛው ራም ነው። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለቪዲዮ 4 ጊጋ ባይት መነሻ ነው፤ 8 ካገኛችሁ ማሽኑ ይተነፍሳል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን 8 ጊጋ ብታስገቡለት እንኳ ከ4 ጊጋ በታች ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ባለ 64 ቢት እንዲጫንላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም፤ በዲዲአር 3 ውስጥም በ1.5 ቮልት የሚሠራና በ1.35 ቮልት የሚሠራ አለ። ስለዚህ ወደ ነቀምቴ ራም ልትገዙ ስትሄዱ የድሮውን ራም ይዛችሁ ሂዱ። ሦስተኛ፣ አንድ ባለ 8 ጊጋ ከመግዛት ሁለት ባለ 4 ጊጋ መግዛት ይመረጣል፤ ማሽኑ በሁለቱም መስመር ስለሚያነብ ፍጥነቱ ይጨምራል። ይህ ለጨዋታ ምን ያህል እንደሚጠቅም ጥቂት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አይማክ ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በ2012 መጨረሻና ከዚያ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጡት ቀጭኖቹ አይማኮች መስታወታቸው በማጣበቂያ የተያያዘ ነው። ከ2009 እስከ 2011 የወጡት ግን መስታወታቸው በማግኔት ነው የሚያዘው። አሮጌው ለመክፈት ይቀላል ማለት ነው። የተጣበቀውን ልምድ ለሌለው ሰው አትስጡ።

(አጭር ሙዚቃ)

ዲስኩና ራሙ ከተስተካከሉ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ምን ይጫንበት የሚለው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የእናንተን ለማወቅ በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ወይም በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የፕሮሰሰር ቁጥር እዩ። አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ 4570 የሚል ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ካለ፣ የመጀመሪያው አኃዝ 4 ስለሆነ 4ኛ ትውልድ ነው። አይ 3 ከሚለው ቀጥሎ 2120 ከሆነ 2ኛ ትውልድ ነው።

ታዲያ 3ኛ ወይም 4ኛ ትውልድ የሆነው ማሽናችን ምን ይሁን? ነፃ የሆነ ሌላ መንገድ አለ። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ሥርዓት ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ቢያንስ 2 ጊጋ ባይት ራም ይፈልጋል፣ በ4 ደግሞ በደንብ ይሠራል፤ መልኩም ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አይከብድም። ከፍላሽ ላይ አስነሥታችሁ፣ ዲስካችሁ ላይ ያለውን ሳትነኩ ሞክራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ነፃ የጽሑፍና የሂሳብ ፕሮግራምም አብሮት ይመጣል፤ ምናሌው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አለ። በፓወር ግዕዝ የሚተይቡ የጽሕፈት ባለሙያዎች ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ዊንዶውስን ቢያቆዩ ይሻላቸዋል። አፋን ኦሮሞን በቁቤ ለሚጽፍ ሰው ግን ተራው የላቲን ኪቦርድ ይበቃዋል።

ዊንዶውስ 7ን ወይም 10ን ይዤ እቀጥላለሁ ለምትሉ ምክሬ ግልጽ ነው። ማሽኑን ለጽሑፍ፣ ለፊልም፣ ለጨዋታና ለትምህርት ተጠቀሙበት። የባንክ የይለፍ ቃል ግን አትጻፉበት። ፍላሽ ስትሰኩም ተጠንቀቁ። ሙዚቃና ፊልም ከሚጫንበት ቤት የመጣ ፍላሽ ውስጥ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጠው ካያችሁ ያ ሾርትከት ቫይረስ ነው፤ ምልክቱን አትክፈቱ፣ መጀመሪያ በጸረ ቫይረስ አስፈትሹ።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ኢንተርኔት ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ መተማመን አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ እውቀቱን ማሽኑ ውስጥ አስቀምጡት። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ውክፔዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው ትንሽ ቦታ ይበቃቸዋል። ከምስል ጋር የተዘጋጀው ሙሉው የእንግሊዝኛው ግን 100 ጊጋ ባይት ገደማ ስለሚሆን፣ አንድ ሰው ፈጣን መስመር ካለበት ቦታ አውርዶ ለሌሎች በሃርድ ዲስክ ቢያካፍል ይመረጣል። በፒዲኤፍ የተዘጋጁትን የተማሪ መጻሕፍትም አብራችሁ አስቀምጡ። በኑኑ ቁምባ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በዚህ መልክ የተዘጋጁ ሦስት አሮጌ ማሽኖች ቢኖሩት፣ መስመር ጠፋ ብሎ ትምህርቱን አያቆምም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወጣቶች የምትጠብቁት ጋ ደረስን፤ ጨዋታ። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ፕሌይስቴሽን ቤት እየዋለ ያስቸገረው ወላጅ ስጋቱን እረዳለሁ። ነገር ግን ሳሎን ውስጥ፣ ወላጅ እያየ፣ ሰዓቱ ታውቆ የሚጫወት ልጅ ሌላ ነው። ማውስ በትክክል ማነጣጠር፣ ኪቦርድ ሳያዩ መንካት፣ ፕሮግራም መጫን፣ ቦታ ሲሞላ ማስለቀቅ፣ ማሽኑ ሲዘገይ ምክንያቱን መፈለግ፣ ይህን ሁሉ ልጆች በፍላጎት የሚማሩት በጨዋታ በኩል ነው።

ኦል ኢን ዋን ለጨዋታ ያለበት እንቅፋት ግራፊክሱ ነው። በብዙዎቹ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የራሱ ማህደረ ትውስታ የለውም፣ ከራሙ ይበደራል። ቅድም ሁለት ራም ይሻላል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ራሙ በሁለት መስመር ሲነበብ ግራፊክሱም ፈጥኖ ያገኛል፤ ጨዋታውም ይለሰልሳል።

ከዚህ በኋላ ቁልፉ ለማሽኑ ዘመን የሚስማማ ጨዋታ መምረጥ ነው። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ለኮምፒውተር የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ነው፤ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ራም 256 ሜጋ ባይት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የመኪና ውድድር፣ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድም እንዲሁ ነው። ካውንተር ስትራይክ 1.6 እና ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2 ለአሮጌ ማሽን ቀላል ናቸው። ኳስ ለምትወዱ ፒኢኤስ 2013 በ1 ጊጋ ባይት ራም እንዲነሣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ በ3ኛና በ4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ላይ ጥሩ ይጫወታል። ሱፐር ታክስ ካርት የሚባለው የልጆች የመኪና ውድድር ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል። ቼዝም አለ፤ የትኛውም ማሽን ያጫውታችኋል።

የማይሆነውንም በግልጽ ልናገር። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ዝቅተኛ መስፈርቱ 8 ጊጋ ራም፣ 100 ጊጋ ባዶ ቦታና የራሱ 4 ጊጋ ማህደረ ትውስታ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው። ጂቲኤ 5 እንኳ 1 ጊጋ የራሱ ማህደረ ትውስታ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል። «እኔ አስተካክዬ አስነሣዋለሁ» የሚላችሁ ሰው ቢኖር ብራችሁን አታባክኑ፤ የማይለወጠው ክፍል ቅድም የነገርኳችሁ ነው። ስቲም ከሚባለው የጨዋታ መደብር ጨዋታ የምታወርዱም፣ መደብሩ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ዊንዶውስ 7ን እንደማይደግፍ እወቁ።

ጨዋታው ከተነሣ በኋላ እየተቆራረጠ ካስቸገረ መጀመሪያ የስክሪኑን ጥራት ዝቅ አድርጉ። 1920 በ1080 ሲባል ግራፊክሱ ለእያንዳንዱ ምስል ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ይሥላል። ወደ 1280 በ720 ብታወርዱት ከ1 ሚሊዮን በታች ይሆናል፤ ሥራው ከግማሽ በላይ ይቀንስለታል። ቀጥሎ ጥላ የሚለውን አጥፉ። በሰከንድ 30 ምስል ካገኛችሁ ለእነዚህ ጨዋታዎች ይበቃል።

ጨዋታ ማሽኑን ያሞቃል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ በቆላ ካለው አየር ያንሳል። ስለዚህ የማሽኑን ጀርባ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቁ። ሲሠራ ጨርቁን ወይም ዳንቴሉን አንሡለት። በዓመት አንድ ጊዜ አቧራውን በባለሙያ አስጠርጉ፤ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ የሙቀት ቅባትም አስለውጡ። ፋኑ የሚጮኸውና ጨዋታው መሃል ላይ ማሽኑ በራሱ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በአቧራ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የመጨረሻው ክፍላችን መብራትና ዝናብ ነው። ኦል ኢን ዋን የላፕቶፕ ዕቃ ቢኖረውም የላፕቶፕ ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠው ሥራ ሁሉ ይጠፋል፤ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ዊንዶውሱ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ስትጽፉ በየጥቂት ደቂቃው ኮንትሮልና ኤስ መንካትን ልማድ አድርጉ። አቅም ካለ ትንሽ ዩፒኤስ ግዙ፤ ሥራውን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ሌዘር ፕሪንተርን ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩ፤ ሲነሣ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉት። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት። ተራ ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ ከዚህ አይከላከልም። የወለጋ ክረምት ረጅም እንደሆነ፣ መብረቁም እንደሚበረታ ታውቃላችሁ፤ ነጎድጓድ ስትሰሙ የኃይሉን ገመድ ብቻ ሳይሆን የኢንተርኔቱንም ገመድ ንቀሉ። ማሽኑን በክረምት ለወራት ዘግታችሁ አታስቀምጡት። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ብታበሩት ሙቀቱ እርጥበቱን ያስወጣል።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ማሽን ስትገዙ የኃይል ጽሑፉን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ይሰካል። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። ከዚያ ስክሪኑን ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ጥቁር ነጥብና መስመር ፈልጉ፤ ስክሪኑ ካልሠራ ማሽኑ በሙሉ ችግር ላይ ነው። ሁሉንም የፍላሽ መሰኪያ ሞክሩ፣ ድምፁን ስሙ፣ ዋይፋዩን አያይዙ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቪዲዮ እያጫወታችሁ ሙቀቱን ተከታተሉ። ሲከፈት የማታውቁትን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ አትግዙ። በባስ ስትወስዱት ስክሪኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጣሪያ ላይ አታስጭኑት።

አንድ ትንሽ ምልክትም ላክልላችሁ። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ተመልሶ፣ ኢንተርኔት ላይ ገጾች ሁሉ «ደኅንነቱ አያስተማምንም» እያሉ ካስቸገሯችሁ፣ ያለቀችው በቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ልትሆን ትችላለች። እሷን መለወጥ ርካሽ ነው፤ ለዚህ ብላችሁ ፎርማት አታስደርጉ።

ወደ ማጠቃለያው መጥተናል። ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ዊንዶውስ ያለበት አሮጌ ማሽን ካላችሁ አብሩት። በኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ የአር ፊደልን ንኩ። በምትወጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ዲ፣ ኤክስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉና አስገቡ። የማሽኑ ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩ ቁጥር፣ የራሙ መጠንና የዊንዶውሱ ዓይነት ይመጣላችኋል። አራቱንም በወረቀት ጻፏቸው። ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ወረቀቱን ይዛችሁ «ዲስኩን ወደ ኤስኤስዲ ለውጥልኝ፤ ራሙ ስንት ድረስ ይቀበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠይቃችሁ ዋጋውን ካወቃችሁ በኋላ ከአዲስ ማሽን ዋጋ ጋር አስተያዩና ወስኑ። ማሽኑ ተስተካክሎ ሲመለስም መጀመሪያ ወንበሩን ለልጆቹ ስጧቸው፤ ከእኛ በላይ እነሱ ይፈልጉታል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ሊኑክስ ሚንትን ከፍላሽ ላይ እንዴት እንደምታስነሡ ደረጃ በደረጃ እናያለን። አንድ ባዶ ባለ 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ አዘጋጅታችሁ ጠብቁን። ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)